ሰባት ቀን የተከፈተ ገበያ፦ የካሊፎርኒያ የጥይት ካዝና ሽያጭ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2019 በሳን ዲዬጎ የሚያስችሉት የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ ሮጀር ቤኒቴዝ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ የጥይት ካዝናዎችን የከለከለበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32310 መሣሪያ የመያዝ መብትን ከሚጠብቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ጋር ይቃረናል ብለው ፈረዱ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዣቪየር ቤሴራና በሥራቸው ያሉ ባለሥልጣናት አንቀጹን እንዳያስፈጽሙም አገዱ። ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ተዘግቶ የቆየው ገበያ በዚያ ዓርብ በድንገት ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓርብ፣ ኤፕሪል 5 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት (በአሜሪካውያን አቆጣጠር 5 ሰዓት) ላይ ደግሞ ተዘጋ። በዚህ መካከል ከሌሎች ግዛቶች ወደ ካሊፎርኒያ የተላከው ካዝና ስንት እንደሆነ የተመዘገበ ቁጥር የለም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው የሚለው ግምት በሰፊው ይነገራል እንጂ ካዝና መለያ ቁጥር ስለሌለው ሊቆጠር የሚችል አልነበረም። ነጋዴውና ገዢው ያንን ጊዜ «የነፃነት ሳምንት» ብለው ጠሩት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት ስለ ጦር መሣሪያ የሚደረገውን ፖለቲካዊ ክርክር ለመዳኘት አይደለም። በአንድ ግዛት ተቀምጦ ወደ ሌላ ግዛት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚገጥሙትን ሕጋዊ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አጭቆ የያዘ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ነጋዴው ዘወትር የሚጠይቀው «ይህ ዕቃ እዚያ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» ብሎ ነው። የካሊፎርኒያው ሳምንት እንዳሳየው ግን ከዚህ የሚከብዱ ጥያቄዎች አሉ፤ ሽያጩ የተፈጸመው የት ነው፣ በየትኛው ሰዓት ተጠናቀቀ፣ የፍርድ ቤቱስ ትዕዛዝ በትክክል የቱን አንቀጽ ነክቶ የቱን ሳይነካ ተወ? ለነዚህ መልስ ሳያዘጋጅ የተነሳ ሻጭ ገበያው ክፍት በነበረበት ቀን እንኳን ሕግ ሊጥስ ይችል ነበር።

የፌዴራሉን ሕግ ማስቀደም ያስፈልጋል። በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት የጦር መሣሪያ ንግድ የሚሠራ ሰው የፌዴራል ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ መሣሪያውንም በሌላ ግዛት ለሚኖር ተራ ገዢ በቀጥታ ሊልክለት አይችልም። ዕቃው ገዢው በሚኖርበት ግዛት ወደሚገኝ ሌላ ባለፈቃድ ነጋዴ ይላካል፤ ገዢው እዚያ በአካል ቀርቦ ቅጽ 4473 ሞልቶ፣ ከኖቬምበር 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ብሔራዊ ሥርዓት የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ ይረከባል። ጠመንጃ ከሆነ፣ ገዢው በአካል እስከተገኘና የሁለቱም ግዛቶች ሕግ እስከተከበረ ድረስ፣ የሌላ ግዛት ነዋሪም ከሻጩ ሱቅ ሊወስድ ይችላል፤ ሽጉጥ ግን በዚህ መንገድ አይሸጥም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት በቅርብ ያውቁታል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሱቅ ውስጥ ያየውን ሽጉጥ ቢወድደው ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ ይዞት ሊመለስ አይችልም። ሽጉጡ ወደ ሜሪላንድ ነጋዴ መላክ አለበት፤ ገዢውም ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ የምትጠይቀውን የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ማቅረብ ይኖርበታል። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ሌላ እርከን ጨምራለች፤ ከውጭ የሚልከው ባለፈቃድ ነጋዴ መሣሪያውን ወደ ካሊፎርኒያ ባለፈቃድ ከመላኩ በፊት ከግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የማረጋገጫ ቁጥር መቀበል አለበት።

የጥይት ካዝና ግን በፌዴራሉ ሕግ ዓይን የጦር መሣሪያ አይደለም። ከሴፕቴምበር 1994 እስከ ሴፕቴምበር 2004 ድረስ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ አዳዲስ ካዝናዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ተከልክለው ነበር፤ የሕጉ ዘመን ሲያበቃ ካዝና እንደማንኛውም ዕቃ በፖስታ እስከ ገዢው ደጃፍ የሚደርስ ሸቀጥ ሆነ። በመካከል የሚቆም ተቀባይ ነጋዴ የለም፣ ቅጽ የለም፣ ማጣሪያ የለም። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሽጉጥ ወደ ተከለከለበት ግዛት በስህተት ቢላክ ተቀባዩ ባለፈቃድ ነጋዴ አይቶ ይመልሰዋል፤ ካዝና በስህተት ቢላክ ግን ከሻጩ በኋላ የሚያየው ሰው የለም። ቁጥጥሩ የላላ የሚመስለው ዕቃ በሻጩ ላይ የሚጥለው ኃላፊነት የበለጠ ከባድ ነው።

ገደቡም ከግዛት ግዛት ይለያያል። በ2019 ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስና ኮነቲከት ገደቡን በ10 ጥይት አድርገው ነበር፤ ኒው ጀርሲ ከ15 ወደ 10 ያወረደችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው፤ ኮሎራዶ ከጁላይ 2013 ጀምሮ 15 ትፈቅድ ነበር፤ ቨርሞንት ለጠመንጃ 10፣ ለሽጉጥ 15 ብላ ለይታ ነበር፤ የሃዋይ ገደብ የሚመለከተው ደግሞ የሽጉጥ ካዝናን ብቻ ነበር። ሜሪላንድ ከ10 በላይ የሚይዘውን በግዛቷ ውስጥ መሸጥ ከልክላ መያዝን አልከለከለችም፤ ከእርሷ ጋር የምትዋሰነው ዲሲ ግን መያዝንም ትከለክል ነበር። ስለዚህ «ስንት ጥይት ይይዛል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ የሽያጭ ገጽ አይበቃም፤ ለምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነና ሕጉ የከለከለው መሸጥን፣ ማስገባትን ወይስ መያዝን እንደሆነ አብሮ መለየት አለበት። አምራቾችም ራሳቸው ከዚህ አላመለጡም፤ በኮሎራዶ ይሠራ የነበረው ስመ ጥሩው የካዝና አምራች ማግፑል በግዛቱ ሕግ ምክንያት ማምረቻውን ወደ ዋዮሚንግ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቴክሳስ እንደሚያዛውር ያስታወቀው በ2014 መጀመሪያ ነበር።

ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ጀምሮ ማምረትን፣ ማስገባትንና መሸጥን ከለከለች፤ ከዚያ በፊት የገዛ ሰው ግን ይዞ እንዲቀጥል ተወችው። በ2016 የግዛቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግና በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሕዝቡ ድምፅ በሰጠበት ፕሮፖዚሽን 63 ይህ ልዩ መብት ቀረ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ መያዝም ጥፋት እንዲሆን ተወሰነ። ባለንብረቶችና የካሊፎርኒያ የጠመንጃና የሽጉጥ ማኅበር «ደንከን ከቤሴራ» በሚል የሚታወቀውን ክስ ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛ ቤኒቴዝ ሕጉ ሊጸና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጁን 29 ቀን 2017፣ የመያዝ ክልከላውን ለጊዜው አገዱት። ያ እግድ መሸጥንና ማስገባትን አልነካም፤ ስለዚህ ለውጭ ነጋዴ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። የማርች 2019 ፍርድ ግን ክልከላውን ሙሉ በሙሉ አነሳው።

በሳምንቱ ውስጥ ነጋዴው የነበረበትን ሁኔታ ቀረብ ብለን እንየው። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አልሻረውም፤ አንቀጽ 32310 በሕግ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ነበር፣ የታገደው አፈጻጸሙ ነው። ትዕዛዙም በስም የጠቀሰው ይህንኑ አንቀጽ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 32311 የካዝናን አቅም ለመጨመር የሚያገለግሉ የመለዋወጫ ስብስቦችን ማስገባትና መሸጥ ይከለክላል፤ በትዕዛዙ ውስጥ አልተጠቀሰም። የተገጣጠመ ባለ 30 ጥይት ካዝና መላክ የሚቻልበት ቀን ላይ፣ ያንኑ ካዝና በክፍሎቹ ፈታቶ፣ ቆርቆሮውን፣ ሞላውንና የታች ክዳኑን በአንድ ከረጢት አድርጎ «ለጥገና» ብሎ መላክ ግን በሌላ አንቀጽ ሊያስጠይቅ ይችል ነበር። ብዙ ሻጮች በቀደሙት ዓመታት የካሊፎርኒያ ደንበኞችን የሚያስተናግዱት በጥገና ስብስብ ስለነበር፣ የተለመደው መንገድ አደገኛ፣ ያልተለመደው መንገድ ክፍት የሆነበት ሳምንት ነበር ማለት ይቻላል።

የአጥቂ መሣሪያ ትርጉም የሚሰጠው አንቀጽ 30515ም ከነሙሉ ጉልበቱ ነበር። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማዕከላዊ መምቻ ያለው ጥይት የሚተኩስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ቋሚ ካዝና ካለው፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት የተከለከለ መሣሪያ ይሆናል። በካሊፎርኒያ በርካታ ጠመንጃዎች ለሕጉ ተብሎ ካዝናቸው በቀላሉ እንዳይወጣ ተደርገው ተሠርተዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ባለቤት በሕጋዊ ቀን በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ካዝና በገዛ ጠመንጃው ላይ ቢገጥም ወደ ከባድ ወንጀል ይገባል። ሻጩ በዚህ አይከሰስ ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን እያወቀ በሽያጭ ገጹ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ያላሰፈረ ነጋዴ ደንበኛውን አሳልፎ እንደሰጠ ነው የምቆጥረው።

የከተሞች ደንብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተረሳው ነበር። ሳኒቬል ከተማ በ2013 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው፣ ሳን ፍራንሲስኮም በዚያው ሰሞን ያወጣችው ደንብ ከግዛቱ ሕግ ቀድመው ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መያዝን ከልክለዋል፤ የሳኒቬል ደንብ በ2015 ካሊፎርኒያን በሚያካትተው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በዘጠነኛው ሰርኪዩት፣ ቀርቦ ሳይታገድ አልፏል። የማርች 2019 ክስ ተከሳሽ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እንጂ እነዚህ ከተሞች አልነበሩም። «ካሊፎርኒያ ተከፍታለች» ብሎ የግዛቱን አድራሻዎች በሙሉ የለቀቀ ሻጭና የነዚህን ከተሞች ዚፕ ኮድ ለይቶ ያስቀረ ሻጭ አንድ ዓይነት ነጋዴዎች አይደሉም። ለሁለተኛው አንድ የፕሮግራም መስመር መጨመር ብቻ በቂው ነበር።

የጊዜው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ተወሳሰበ። ግዛቱ ይግባኝ እስኪሰማ ፍርዱ ታግዶ እንዲቆይ ጠየቀ፤ ዳኛው ሐሙስ ኤፕሪል 4 ቀን በሰጡት ትዕዛዝ የማምረት፣ የማስገባትና የመሸጥ ክልከላው በማግስቱ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ወደ ሥራ እንዲመለስ ፈቀዱ። መያዝን የሚመለከተው የ2017ቱ እግድ ግን እንዳለ እንዲቀጥል አዘዙ። በትዕዛዙ ላይ አንድ የጥበቃ አንቀጽ አከሉበት፤ ከማርች 29 እስከዚያ ሰዓት ድረስ ካዝና ያመረቱ፣ ያስገቡ፣ የሸጡ ወይም የገዙ ሰዎችና ድርጅቶች በእግዱ መጠበቃቸውን ይቀጥላሉ። ሐሙስ ማታ ታዝዞ፣ ተከፍሎበት፣ ማክሰኞ የሚደርስ ዕቃስ? ገዢው በሰዓቱ «ገዝቷል»፤ ዕቃው ግን የግዛቱን ወሰን የተሻገረው ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ማስገባት በአንቀጽ 32310 ራሱን የቻለ ጥፋት በመሆኑ፣ ጥበቃው ለግዢው እንጂ ዘግይቶ ለተፈጸመው ማስገባት አይሆንም ብሎ መከራከር ይቻላል። በሌላ በኩል ትዕዛዙ የዘረዘራቸውን ድርጊቶች «ወይም» በሚል ቃል ስላያያዛቸው፣ አንዱን በሰዓቱ የፈጸመ ሰው ጥበቃ አለው የሚለው ክርክርም ጠንካራ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ የመስመር ላይ ነጋዴዎች የማያነቡት የንግድ ሕግ ዋጋ ያገኛል። ካሊፎርኒያን ጨምሮ አብዛኞቹ ግዛቶች በተቀበሉት የጋራ የንግድ ሕግ መሠረት፣ ሻጩ ዕቃውን በአጓጓዥ በኩል ለመላክ ብቻ ከተስማማና በመድረሻው ለማስረከብ ካልተዋዋለ፣ ባለቤትነቱ ወደ ገዢው የሚተላለፈው ዕቃው ለአጓጓዡ በተሰጠበት ቦታና ሰዓት ነው። በጆርጂያ ያለ ሻጭ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፓኬቱን ለአጓጓዡ አስረክቦ ስካን ካስደረገ፣ በውሉ መሠረት ዕቃው ያን ጊዜ የገዢው ሆኗል። ካርቶኑ ገና በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩ ብቻ «ትዕዛዝዎን ተቀብለናል» ካለ ግን ይህን መከራከሪያ አያገኝም። የሰዓት ልዩነቱም ይጨመርበታል፤ በካሊፎርኒያ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በጆርጂያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ የሽያጭ ሥርዓቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው በሦስተኛ የሰዓት አቆጣጠር ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለ ቦታ ላይ የነበረው፣ የካሊፎርኒያ ትዕዛዝ መቀበልን ዓርብ ጠዋት አቁሞ ቀኑን ሙሉ ያለውን በማሸግ የዋለና እያንዳንዱን ፓኬት ከገደቡ በፊት ለአጓጓዡ ያስረከበ ነጋዴ ነው። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሸጠው ምናልባት የበለጠ ገንዘብ አግኝቷል፤ ዓርብ ማታ ያልተላከ የትዕዛዝ ክምር ይዞ ገንዘብ የመመለስ ወይም አደጋ ላይ የመውደቅ ምርጫ ቀርቦለት ያደረው ግን እርሱ ነው።

ማስረጃውን በተመለከተ ካዝናው ራሱ ትንሽ ይናገራል። መለያ ቁጥር ባይኖረውም፣ አንዳንድ አምራቾች በፕላስቲኩ ላይ እንደ ሰዓት ክብ ቅርጽ ያለው የወርና የዓመት ምልክት ያትሙበታል። ይህ ምልክት ካዝናው ከኤፕሪል 2019 በኋላ መመረቱን ካሳየ፣ ባለቤቱ «በነፃነት ሳምንት ነው የገዛሁት» ቢል የሚሰማው አይኖርም። ቀደም ብሎ መመረቱን ካሳየ ግን የተገዛበትን ቀን አያረጋግጥም፤ ያን የሚያረጋግጠው የሻጩ ደረሰኝና የአጓጓዡ መዝገብ ነው። ስለዚህ የሻጩ መዝገብ ለራሱ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ለደንበኛውም ዋስትና ነው፤ ከዓመታት በኋላ ደረሰኙን ፈልጎ ለሚደውል ገዢ መልስ መስጠት የሚችል ነጋዴ ደግሞ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው። በኦገስት 2020 የዘጠነኛው ሰርኪዩት የሦስት ዳኞች ችሎት የዳኛ ቤኒቴዝን ፍርድ 2 ለ 1 አጸናው። በኖቬምበር 2021 የ11 ዳኞች ችሎት 7 ለ 4 ሻረው። በጁን 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሩን በተባለ ሌላ ጉዳይ የጦር መሣሪያ ሕጎች የሚመዘኑበትን አዲስ መመዘኛ ስላስቀመጠ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2023 ዳኛ ቤኒቴዝ በድጋሚ ሕጉን ውድቅ አደረጉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፍርዱን ሲሰጡ አብረው የ10 ቀን መቆያ ስላስቀመጡና ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እግዱን ስላራዘመው ገበያው ለአንድ ቀን እንኳን አልተከፈተም። በማርች 2025 የ11 ዳኞች ችሎት ክልከላውን ዳግም 7 ለ 4 አጸና። ብዙኃኑ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ትልቅ ካዝና ራሱ መሣሪያ ሳይሆን የመሣሪያ ተጓዳኝ ዕቃ ነው የሚል ነው። የፌዴራሉ ሕግ ካዝናን ከጦር መሣሪያ ውጭ አድርጎ በማየቱ ለነጋዴው በፖስታ የመላክ ነፃነት ሰጥቶት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ተመሳሳይ አመለካከት የሕገ መንግሥት ጥበቃውን አሳጣው። ይህ ግጭት ለተጓዳኝ ዕቃ ነጋዴዎች ከማንኛውም የፍርዱ ክፍል በላይ ሊያሳስባቸው ይገባል፤ የሚሸጡት ዕቃ ብዙው ከካዝና ያነሰ ጥበቃ ያለው ነውና።

በሌሎች ጉዳዮችም ተመሳሳይ ክፍተት ታይቷል። ዋሽንግተን ግዛት ከጁላይ 2022 ጀምሮ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥና ማስገባትን ከለከለች። ግዛቱ በኬልሶ ከተማ የሚገኘውን ጌተርስ ከስተም ገንስ የተባለ ሱቅ ከሰሰ። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 የካውሊትዝ ካውንቲ ዳኛ ሕጉን ውድቅ አደረጉ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽነር ፍርዱን እስኪያግዱት ድረስ ያለፈው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ተኩል ውስጥ በሱቁ በር ላይ ሰልፍ ተሠልፎ ተሸጠ። በሜይ 2025 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን 7 ለ 2 አጸናው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ጥይት በባለፈቃድ ሻጭ በኩል ካልሆነ በቀር ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ታግዶ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ተመልሶ ጸና። ክፍተቶቹ ከሳምንት ወደ ቀናት፣ ከቀናት ወደ ሰዓታት እየጠበቡ ሄደዋል፤ ሻጭም ውሳኔ ከተሰማ በኋላ ጠበቃ ለማማከር ጊዜ አያገኝም። የትኛው ግዛት ሲከፈት የትኛው ዕቃ፣ ለየትኛው ዚፕ ኮድ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚላክ አስቀድሞ ተጽፎ ካልተቀመጠ ገበያው ሳይነካ ያልፈዋል፤ ወይም የባሰው ይደርስበታል።

በ2019 የተሸጡት ካዝናዎች ዛሬም በካሊፎርኒያ ቤቶች ውስጥ አሉ፤ የሻጩና የገዢው ሁኔታ ግን ተለያይቷል። በአንቀጽ 32310 ማስገባትና መሸጥ እንደ ቀላልም እንደ ከባድም ወንጀል ሊከሰስ የሚችል ስለሆነ የክስ ማቅረቢያ ዘመኑ 3 ዓመት ነው፤ ተከሳሹ ከግዛቱ ውጭ ከሆነ የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን ዘመን ቢበዛ በሌላ 3 ዓመት ያራዝመዋል። ስለዚህ የውጭ ሻጭ ላይ በዚያ ሳምንት ድርጊት ክስ የማቅረብ ዕድሉ በ2025 ጸደይ አብቅቷል። መያዝ ግን በየቀኑ የሚቀጥል ድርጊት ነው። የገዢው ጥበቃ የተመሠረተው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ላይ እንጂ በሕግ አንቀጽ ላይ አይደለም፤ በአንድ ካዝና እስከ 100 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ያለበት የመያዝ ክልከላም በሕግ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ነው። ከሻጩ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ቀኑና ሰዓቱ የሰፈረበት ደረሰኝ ነው፤ የክስ ዘመኔ አልፏል ብሎ የ2019ን መዝገብ ሊያስወግድ ያሰበ ነጋዴ ካለ ይህን ለደንበኞቹ ሲል ሊያቆየው ይገባል።